በደጋው አገር የአስታማሚ ዕውቀት

ከጓሳ ከፍታ የሚወርደው ብርድ የመንዝንና የግሼን ሰው ከበግ ጠጉር ባናና በርኖስ ጋር እንዳዛመደው ሁሉ፣ ክረምቱ ሲጸና፣ ልብሱ ሳይታጠብ ሲሰነብትና ቤተ ሰቡ ተጠጋግቶ ሲያድር፣ ቅማልንና በእርሷ የሚዛመቱትን ሁለት ደዌያት፣ ማለት ተስቦንና አገርሺ ትኩሳትን፣ ሲያመቻች የኖረ ነው። አገርሺ ትኩሳት ሳይታከም ሲቀር ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊፈጅ ሲችል፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ግን ይፈውሰዋል።

የነርስ ዕውቀት በብርቱ የሚፈተነው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ሰዓት ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ተሐዋስያኑ በደም ውስጥ ሲፈርሱ፣ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ከቀድሞው ይልቅ ይንራል፤ ቀጥሎም ላብ ያጠምቀዋል፤ የደሙም ግፊት ያሽቆለቁላል። ይህን የማታውቅ ነርስ ላቡን አይታ «በረደለት» ብላ ለሽንት እንዲነሣ ብትፈቅድለት፣ በሽተኛው ተዝለፍልፎ ሊወድቅና በዚያው ሊያልፍ ይችላል፤ የምታውቀው ግን በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ አስቀድማ አዘጋጅታ፣ የልብ ትርታውንና የደም ግፊቱን እየለካች፣ ሌሊቱን ከአልጋው ሳታስነሣ ታሳድረዋለች።

ይኸው ዕውቀት እርሷንም ይጠብቃታል። ቅማል በትኩሳት የጋለውን ገላ ትታ ሌላ ገላ ትፈልጋለች፤ የቅርቡም የአስታማሚዋ ነው። አገርሺ ትኩሳት በተለይ የሚተላለፈው ቅማሏ ስትጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ ስለሆነ፣ በጥፍር መግደል ልማድ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ ልብሱን ከነስፌቱ መቀቀል ይበልጣል። ይሁንና ተስቦን ሲመረምሩ የነበሩት ሊቃውንት ሪኬትስ በ1910፣ ፕሮዋዜክ በ1915 እ.ኤ.አ. በዚያው ደዌ መሞታቸው ሊቅነት ብቻውን ጋሻ እንደማይሆን ያስረዳል።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ነርስነትን ተምረው፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው እስኪያርፉ ድረስ፣ ለሙያው በአገራችን ታላቅ ክብር አትርፈውለታል። ክብር ግን ጓንት አይሆንም። በመንዝ መሐል ሜዳም ሆነ በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ባለው እናት ሆስፒታል ለሚያገለግል ነርስ የሚገባው፣ በበጀት የሚቆጠር የልብስ መቀቀያ፣ የማይቋረጥ ውኃ፣ ለበሽተኛው ቅያሪ ልብስ፣ ለሌሊቱም ተጨማሪ ተረኛ ነው፤ አንዲት ነርስ ብቻዋን ክፍል ሙሉ ሕሙማን እየጠበቀች የእያንዳንዱን የደም ግፊት በየጊዜው መለካት አይቻላትምና። ይህ ሳይሟላ በሽተኛ ሲሞት ወይም ነርሷ ራሷ ስትታመም፣ ጥፋቱን በእርሷ ቸልተኝነት ማሳበብ ፍርድን ማጣመም ነው።