በሥራ ቦታ በአስቤስቶስ ብናኝ ለታመመ ሰው ህጉ ምን ይላል?

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ከተነጋገርን በኋላ አንድ አባት ክሊኒክ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ አክታዬን ሦስት ጊዜ ሰጥቻለሁ፣ ሳንባ ነቀርሳ የለብዎትም ተብያለሁ፤ ታዲያ ይህ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁኝ። ቁጭ ብለን ስናወራ ከ20 ዓመት በፊት ናይሮቢ ውስጥ የአሮጌ ቤቶችን ጣሪያ ሲያፈርሱ እንደነበር ነገሩኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ አልነበረም። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሰበር የሚቦን፣ እኛ አገር ኤተርኒት የሚባለው ነው። አሠሪያቸው የአፍ መሸፈኛ እንኳ አልሰጣቸውም።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው። እሳት ስለሚችል ለጣሪያ፣ ለውሃ ቧንቧና ለፍሬን ሸራ ሲሠራበት ኖሯል። ሲሰበር ወይም ሲሞረድ በዓይን የማይታይ ክር ይሆናል፤ ክሩ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ሳንባን አጠንክሮ ትንፋሽ የሚያሳጥረው በሽታ አስቤስቶሲስ ይባላል። የሳንባ ካንሰር፣ እንዲሁም የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማ የተባለው ካንሰርም ይመጣል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው፤ ከ10 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ዕቃ መለየት የለበትም። የሚያጨስ ሰው ግን ዛሬውኑ ቢተው ይሻለዋል፤ ሲጋራና አስቤስቶስ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋው እጅግ ይጨምራል።

አሁን ወደ ህጉ። ኬንያ በ2007 የወጣ የሥራ ጉዳት ካሳ ህግ አላት፤ ሰዉ በአጭሩ «ዊባ» ይለዋል። ህጉ በአደጋ ለተጎዳ ብቻ ሳይሆን ሥራው ባመጣው በሽታ ለታመመም ነው። አሠሪው ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ በሽታው ከሥራው መምጣቱን ማሳየት ነው የሚጠበቅብዎት። አሠሪው ለሠራተኞቹ መድን የመግባት ግዴታ አለበት፣ የሕክምና ወጪም ይከፍላል። ጉዳቱ ሙሉና ዘላቂ ከሆነ ካሳው የሚሰላው በ96 ወር ደመወዝ ነው፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመቶኛ ይቀነሳል። ሠራተኛው ከሞተ ጥገኞቹ መጠየቅ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ ይዞ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ አይቻልም። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 እንዳጸናው ጥያቄው መጀመሪያ የሚቀርበው ለሙያ ደህንነትና ጤና ዳይሬክተር ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን እዚያው ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሥራና ሠራተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ የሚኬደው። ጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ ደግሞ 12 ወር ነው። ለዘገየ በሽታ ይህ አጭር ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ፍትሐዊም አይመስለኝም። ስለዚህ ሐኪም የበሽታውን ስም በነገራችሁ ዕለት በወረቀት ላይ ከነቀኑ አስጽፉ፤ ወረቀቱን ይዛችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ የህግ ምክር ጠይቁ።

«የጽሑፍ ውል የለኝም» የሚል ብዙ ነው። በኬንያ የቅጥር ህግ የቃል ውልም ውል ነው። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፦ አብሮ የሠራ ሰው፣ በኤምፔሳ የተላከ ደመወዝ፣ ከሥራ ቦታ የተነሳ ፎቶግራፍ። የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው የሠራ ሰው ደግሞ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። እርሱ ማንኛውንም ቅጽ ከመሙላቱ በፊት የህግ አማካሪ ያነጋግር። በ2016 የወጣው የህግ ድጋፍ ህግ አቅም የሌለው ስደተኛም ነጻ የህግ ድጋፍ ከሚያገኙት ውስጥ መሆኑን በግልጽ ይጠቅሳል።

ድርጅቱ የውጭ ቢሆንስ? በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ለሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ በአስቤስቶስ ማዕድን የሠሩና በአካባቢው የኖሩ ሰዎች ለንደን ላይ ከሰሱት። ኩባንያው «ጉዳያቸው በአገራቸው ይታይ» ብሎ ተከራከረ። በ2000 የእንግሊዝ ከፍተኛው ችሎት እዚያው ለንደን እንዲታይ ፈቀደ። በ2001 ኬፕ 21 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፣ ገንዘቡን ግን አልከፈለም። በመጨረሻ በ2003 ለ7,500 ያህል ከሳሾች 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፤ ሲካፈል ለአንድ ሰው 1,000 ፓውንድ ገደማ ማለት ነው። ብዙዎቹ ገንዘቡን ሳያዩ ሞተዋል።

አንዲት እናት ደግሞ «አሮጌ ኤተርኒት ለማዕድ ቤቴ ጣሪያ አግኝቻለሁ፣ ልጠቀምበት ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እማማ፣ ባይጠቀሙበት ይሻላል። አይቁረጡት፣ አይብሱት፣ ደረቁን አይጥረጉት። በ2006 በወጣው የኬንያ የቆሻሻ አያያዝ ደንብ አስቤስቶስ አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ ማንሳት ያለበትም ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ልጆችን አርቀው ለብሎክ መሪዎ ይንገሩ።

ጣሪያ አፍራሽ፣ ቧንቧ ቆራጭ ወይም ፍሬን የሚቀይር ሜካኒክ የነበራችሁና የማይለቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያላችሁ ሁሉ ክሊኒክ ስትመጡ ሥራችሁን ንገሩን። እኛ ካልተነገረን አናውቅም። የት፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት፣ ለማን እንደሠራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፤ መጻፍ የማይችል ሰው እኔ እጽፍለታለሁ። ካርዳችሁ ላይ እንመዘግበዋለን፣ ለራጅም ሪፈር እንዲጻፍላችሁ እንጠይቃለን።