«ማለፉንማ ያልፋል፤ ጎሉ የታለ?» የአንድ ወጣት አጥቂ ክርክር በፊዚክስ ሚዛን

ጊዜው የ1998 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2005 ማብቂያ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ከነበሩት የዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ፣ ጥቂት ብር ከፍለን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የማንችስተር ዩናይትድን ጨዋታ እንመለከታለን። እኔ ያኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርሁ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ የቡድኑ የረጅም ዘመን ደጋፊ፣ ሰባት ቁጥር የለበሰው ወጣት ኳስ በያዘ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይኸ ልጅ እግሩን ኳስ ላይ ሲያሽከረክር ተከላካዩ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል» አሉ በመጨረሻ።

ከጎናቸው የነበረ አንድ ተማሪ አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ገና ሃያ ዓመቱ እኮ ነው! ደግሞስ አንድ ለአንድ የሚያቆመው ተከላካይ ማን አለ? እስቲ ይጥሩልኝ።»

«ማለፉንማ ያልፋል። አልፎ ምን አደረገ? ጎሉ የታለ?»

ከኋላ የተቀመጡት የአርሴናል ደጋፊዎች ነገሩን አቀጣጠሉት፤ ጨዋታው ቢያልቅም ክርክሩ አላለቀም። እኔም በልቤ ከአዛውንቱ ጋር ነበርሁ። «ማለፉን ያልፋል፤ ጎል ግን የለውም» የሚለውን አባባል ከዚያ በፊትም ሰምቼው ነበር፤ የተባለው ግን ስለ ሌላ ልጅ ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወጣቱ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በ18 ዓመቱ ከስፖርቲንግ ሊዝበን ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሲመጣ ከ12 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተከፍሎበታል፤ ዴቪድ ቤካም ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ ትቶት የሄደውን ቁጥርም ተረክቧል። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ 29 ጨዋታ ተሰልፎ 4 ጎል፣ በሁለተኛው 33 ጨዋታ ተሰልፎ 5 ጎል አገባ። ጋሼ «ጎሉ የታለ?» ሲሉ እጃቸው ላይ የነበረው ማስረጃ ይህ ነው፤ በ62 ጨዋታ 9 ጎል። ዛሬ ይህንን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ታሪኩ እንዴት እንደቀጠለ ስለሚያውቅ በአዛውንቱ ላይ ሊስቅ ይችላል። መጨረሻውን አውቆ መፍረድ ግን ቀላል ነው። እኔ የምጠይቀው፣ በዚያን ቀን በእጃችን በነበረው መረጃ ከሁለቱ ተከራካሪዎች ትክክል ማን ነበር የሚለውን ነው።

በቅድሚያ አብዶውን እንመልከት። አንድ ተከላካይ የአጥቂውን እንቅስቃሴ አይቶ የራሱን እግር እስኪያንቀሳቅስ ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ያልፋል። ይህ መልእክት ከዓይን ወደ አንጎል፣ ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚጓዝበት ጊዜ ነው፤ በልምምድ ጥቂት ያጥር እንደሆነ እንጂ አይጠፋም። አጥቂው በድንገት ወደ ቀኝ ቢታጠፍና ሽምጠቱ፣ ማለትም ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚጨምርበት መጠን፣ 5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ቢሆን፣ በእነዚያ 0.2 ሰከንዶች የሚርቀው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጫማ ወርድ ያህል መሆኑ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የ1 ሜትር በሰከንድ የፍጥነት ብልጫ ይዟል። ተከላካዩ ከዚያ በኋላ በእኩል ሽምጠት ቢከተለው እንኳ ብልጫው እንዳለ ስለሚቆይ፣ ግማሽ ሰከንድ ሲጨመር ርቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ኳስ ለማሻገር ይህ አይበዛም፤ አያንስምም።

አሁን ማታለሉን እንጨምርበት። አጥቂው እግሩን በኳሱ ላይ አዙሮ ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ ተከላካዩን ቢያነቃንቀውና ተከላካዩ በተሳሳተው አቅጣጫ በ1 ሜትር በሰከንድ ቢጀምር፣ በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት 2 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ቀደም ሲል 60 ሳንቲ ሜትር የነበረው ርቀት በዚያው ጊዜ ውስጥ 1 ሜትር ከ30 ይደርሳል። አብዶ እንግዲህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው የነርቭ መዘግየት ሁለት ጊዜ የሚያስከፍል ዘዴ ነው።

ይሁንና ሁሉም ነገር ተከላካዩ በመታለሉ ላይ የተመሠረተ ነው። እግር ብቻውን ሲሽከረከር የአጥቂው የክብደት ማዕከል ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ወገቡን ትቶ እግሩን የሚያይ ተከላካይ ይታለላል፤ እግሩን ትቶ ወገቡን የሚያይ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ያኔ ሂሳቡ ይገለበጣል። አንዱ ዙር 0.4 ሰከንድ ይፈጃል ብንል ሦስት ዙር 1.2 ሰከንድ ነው፤ በ6 ሜትር በሰከንድ የሚሮጥ ሁለተኛ ተከላካይ በዚህ ጊዜ 7 ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳል። ጋሼ «ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል» ያሉት እነዚህን 7 ሜትሮች ነው፤ እንደ ፊዚክስ መምህር አባባላቸውን አልነቅፍም።

(እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከላይ የወሰድነው ሽምጠት የሚገኘው በጫማና በመሬት መካከል ካለው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃው የተጫዋቹን ክብደት ግማሽ ያህል መሆን ይኖርበታል። አቧራ በለበሰ ደረቅ ሜዳ ላይ እያንዳንዷ የአፈር ቅንጣት ከጫማው ሥር እንደ ዶቃ ትንከባለላለች። በሰፈር ሜዳ ያደጉ አብዶኞች እርምጃቸው አጭርና ብዙ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።)

አሁን ወደ ጎሉ እንለፍ፤ ከባዱ ጉዳይ ይህ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ የጋይገር ቆጣሪ የተጠቀመ ተማሪ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ምንጩም ሆነ ርቀቱ ሳይቀየር በእያንዳንዱ ደቂቃ ቆጣሪውን ብናነብ አንዴ 12፣ አንዴ 17፣ አንዴ 9 እናገኛለን። ተማሪዎቼ በየዓመቱ «መምህር፣ ምን ተቀየረ?» ብለው ይጠይቁኛል። የተቀየረ ነገር የለም። እያንዳንዱ ክስተት ብርቅ ሲሆንና አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ ሲከሠት ቆጠራው በራሱ ይዋዥቃል፤ የመዋዠቁም መጠን በግምት የቆጠራው ስኩዌር ሩት ነው። ለ9 ቆጠራ 3፣ ለ100 ቆጠራ 10 ማለት ነው።

ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1837 ያቀረበው ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ሲሜዮን ዴኒ ፗሶን ነው። በ1898 ደግሞ ላዲስላውስ ቦርትኪዬቪች የሚባል ምሁር በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በፈረስ ተረግጠው የሞቱ ወታደሮችን መዝገብ አገላብጦ በአሐዝ አሳየው። የ10 ኮሮች የ20 ዓመት መዝገብ 200 ዓመታዊ ቆጠራዎችን ሰጠው፤ በ109ኙ አንድም ሟች የለም፣ በ65ቱ አንድ፣ በ22ቱ ሁለት፣ በ3ቱ ሦስት፣ በአንዱ ብቻ አራት። አራት ሰው የሞተበትን ኮር አዛዥ «ፈረስ መያዝ አታውቅም» ብሎ መክሰስ ይቻል ነበር። ሆኖም አሐዞቹ ሁሉም ኮሮች እኩል አደጋ ቢኖርባቸው ኖሮ ይገኙ ከነበሩት ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው።

ጎልም እንደ ፈረስ ርግጫ ብርቅ ነው። የሮናልዶ 4 እና 5 ጎል እንግዲህ አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው፤ «በአንድ ጎል ተሻሻለ» ማለትም «ባለበት ቆመ» ማለትም አያስኬድም። እኛ ስንከራከርበት በነበረው በሦስተኛው ዘመን 33 ጨዋታ ተሰልፎ 9 ጎል አስቆጠረ። ከ5 ወደ 9 ከፍ ማለት እድገት ይመስላል። ነገር ግን የሁለት ቆጠራዎች ልዩነት የሚዋዥቀው በድምራቸው ስኩዌር ሩት ነው፤ የ14 ስኩዌር ሩት 4 አይሞላም፣ ልዩነቱም 4 ነው። ስለዚህ ተማሪውም «እያደገ ነው» ብሎ ቢከራከር በጎል ብዛት ብቻ ማስረጃ አልነበረውም። ሁለቱም ተከራካሪዎች በጋይገር ቆጣሪ ንባብ ላይ ይጣሉ ነበር ማለት ነው።

የሦስቱን ዓመታት ስንደምር 95 ጨዋታ፣ 18 ጎል ይሆናል፤ በአንድ ጨዋታ 0.19 ጎል። ይህ አጥቂ አቋሙ ሳይዋዥቅ አሥር ተከታታይ ጨዋታዎችን ያለ ጎል የሚያልፍበት ዕድል ከመቶ 15 ነው። አሥር ጨዋታ ያለ ጎል! በሻይ ቤት ስንት ዓይነት ምክንያት እንደሚደረደርለት አስቡት።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ2006/07 የውድድር ዘመን 34 ጨዋታ ተሰልፎ 17 ጎል አገባ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ልክ ቢቀጥል የምንጠብቀው 6 ወይም 7 ነበር፤ መዋዠቁ ላይ ታች ቢያደርገው እንኳ 17 ያደርሰዋል ማለት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በ2007/08 በዚያው በ34 ጨዋታ 31 ሲያገባ ጥርጣሬው ሁሉ አበቃ፤ በ2008 መጨረሻም የባሎን ዶር ሽልማትን ወሰደ። ቆጣሪው ሳይሆን ምንጩ ተቀይሯል።

ምን ተቀየረ? አንዱ ምክንያት ጂኦሜትሪ ይመስለኛል። የጎሉ አግዳሚ 7.32 ሜትር ነው። ከፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ፣ ማለትም ፊት ለፊት ከ11 ሜትር ላይ ያለ ተጫዋች ጎሉን በ37 ዲግሪ ስፋት ያየዋል። ከጎሉ መስመር በዚያው 11 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ከመሐል 15 ሜትር ወደ ክንፍ የወጣ ተጫዋች ግን የሚያየው 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። አንድን የክንፍ ተጫዋች ጎል አላገባም ብሎ መውቀስ ጠባብ በር ፊት አቁሞ ለምን አልገባህም እንደማለት ነው። ሮናልዶ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከመስመሩ ወደ መሐል አዘውትሮ መግባት ጀመረ፤ አካሉም ዳበረ። በ2007 ነሐሴ ከፖርትስማውዝ ጋር ሲጫወቱ በቀይ ካርድ ወጥቶ ሦስት ጨዋታ ሲታገድ ደግሞ፣ የክለቡ አሠልጣኝ ሬኔ ሚውለንስቲን ጎል አጨራረስን ብቻ ለይቶ እንዳሠለጠነው ተናግሯል። አብዶውን አልጣለውም። ቀነሰው፤ ያስቀረውም የሚጠቅመውን ነው። ጋሼ ድክመቱን በትክክል አይተዋል፤ ተማሪውም ጥንካሬውን። የተሳሳትነው ጎሉን ዳኛ አድርገን ስንሾመው ነው።

ዛሬ ክለቦች ይህን ችግር ለማቃለል ከጎል ይልቅ ሙከራዎችን ይመዝናሉ፤ እያንዳንዱ ምት ከየት እንደተመታ አይተው ጎል የመሆን ዕድሉን ይደምራሉ። ምክንያቱ ያው ስኩዌር ሩት ነው። አሥር ጎል ያለው አጥቂ ቆጠራው በሲሶ ያህል ይዋዥቃል፤ መቶ ያህል ምት ያለው ግን በአሥር በመቶ ብቻ።

ስለ ሌላ ልጅ ያልኩት ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። በ1996 ዓ.ም. ከደሴ መጥቶ ስሙን በማልጠቅሰው ክለብ ለሙከራ ተጠራ። በከተማችን የወጣቶች ውድድር በአምስት ጨዋታ ሁለት ጎል ያህል ያገባ ነበር። ሦስት ጨዋታ አሰለፉት፤ በሦስቱም ጎል አላገባም። አሠልጣኙ ለአባታችን ሲነግሩ «ልጁ ማለፉን ያልፋል፣ ጎል ግን የለውም» አሉ፤ ወንድሜም ተመለሰ። እኔም አመንኋቸው። ከዓመታት በኋላ በውጭ አገር የዶክትሬት ሥራዬን ስሠራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ፎቶኖች እየቆጠርሁ ሳለ ነው ሂሳቡን የሠራሁት። በጨዋታ 0.4 ጎል የሚያገባ አጥቂ ሦስት ጨዋታ ያለ ጎል የመውጣቱ ዕድል 30 በመቶ ነው። እነዚያ ሦስት ጨዋታዎች ስለ ጎል ችሎታው የነገሩን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስንት ጊዜ ተከላካይ እንዳለፈ፣ ስንት ጊዜ ከመሐል እንደመታ፣ ኳሱን መቼ እንደለቀቀ ግን በደርዘን የሚቆጠር ነገር ይታይባቸው ነበር።

ባለፈው ክረምት ይህን ስነግረው ወንድሜ ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«ስንት ጨዋታ ቢያዩኝ ይበቃ ነበር ታዲያ?» አለኝ።

በናፕኪን ላይ አሰላሁለት። በጨዋታ 0.4 የሚያገባን አጥቂ 0.2 ከሚያገባ በጎል ብዛት ብቻ ለመለየት እያንዳንዳቸውን 60 ጨዋታ ያህል ማየት ያስፈልጋል።

«ስድሳ!» አለና ሳቀ። «እኔ እኮ የመመለሻ ትራንስፖርት እንኳ ከአንተ ነው የተበደርሁት።»