የቅንጦት ጀልባ ሥራ፦ ወሬውና ወረቀቱ

«መልክና ፈገግታ ካለ ይበቃል፤ ሥራው ሻምፓኝ መቅዳት ነው» ይባላል።

አይበቃም። በፈረንሳዩ አንቲብ ወይም በስፔኑ ፓልማ ወደብ ሥራ ፈላጊን የሚያነጋግር ካፒቴን አስቀድሞ የሚጠይቀው ኤስቲሲደብሊው በሚባለው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት መሠረት የሚሰጠውን መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠና የምስክር ወረቀት ነው። መሐል ባሕር ላይ እሳት ቢነሣ የሚጠራ የእሳት አደጋ መኪና የለም። ማታ ብርጭቆ ያቀረበችው አስተናጋጅ ናት ጭንብል አጥልቃ የውኃ ቱቦ የምትይዘው። ስለዚህ አምስት ቀን ገደማ በሚፈጀው ኮርስ ሠልጣኙ ጭስ የሞላበት ክፍል ይገባል፤ የተገለበጠ የነፍስ አድን ጀልባ ገንዳ ውስጥ ሆኖ ያቃናል፤ የመጀመሪያ ርዳታም ይማራል። የእሳትና የነፍስ ማዳን ሥልጠናው በየ5 ዓመቱ ይታደሳል።

«ኮርሱን ጨረስኩ፤ እንግዲህ መርከበኛ ነኝ» የሚሉም አሉ። ያ ወረቀት በር ያስገባል እንጂ ማዕረግ አይሰጥም። ማዕረግ የሚገኘው በባሕር ላይ በተቆጠረ ቀን ነው። በዘርፉ በስፋት በሚታወቀው የብሪታንያ ሥርዓት ለ«ያክትማስተር ኦፍሾር» የጀልባ መሪነት ፈተና ለመቀመጥ 50 የባሕር ቀንና 2,500 ኖቲካል ማይል ያስፈልጋል። ያንን ያለፈ ሁሉ የፈለገውን ጀልባ ይነዳል ማለት ግን አይደለም፤ ርዝመታቸው ከ24 ሜትር በላይ ለሆኑት ሌላ መሰላል አለ። የዘብ መኮንንነት ፈቃድ ብቻ እንኳ 36 ወር የጀልባ ላይ አገልግሎት ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ወደብ ላይ ታስሮ ያለፈው ጊዜ ሁሉ እንደ ጉዞ አይቆጠርም። ብዙዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ሻንጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ የሠሩበትን ቀን የሚመሰክር የካፒቴን ፊርማ ግን አልያዙም። ከወራት በኋላ ካፒቴኑን ማፈላለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

«ወደብ የሌላት አገር መርከበኛ አታወጣም» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፤ በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ ባቦጋያ የመርከብ መሐንዲሶች ሠልጥነዋል። ለንግድ መርከብ ነው የሠለጠኑት፤ የደኅንነት ሥልጠናው መሠረት ግን ያው ኤስቲሲደብሊው ነው።

«ለደላላ ሳይከፈል ሥራ አይገኝም» የሚለው ከሁሉም የከፋው ነው። ለሥልጠና ተቋም የትምህርት ክፍያ መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ለሥራ ማስቀጠሪያ መክፈል ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አስቀጣሪ ኤጀንሲ ከሠራተኛው የማስቀጠሪያ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሠራተኛው እንዲከፍል የሚፈቀደው ለጤና ምስክር ወረቀት፣ ለመርከበኛ ደብተር፣ ለፓስፖርትና ለመሳሰሉት የጉዞ ሰነዶች ነው፤ የቪዛው ወጪ እንኳ የባለመርከቡ ነው። ስምምነቱ የሚሠራው ለንግድ በሚከራዩ ጀልባዎች ላይ መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ ባለቤቱ ለግሉ ብቻ በሚዝናናበት ጀልባ ላይ የሚቀጠር ሰው ውሉን ከወትሮው በላይ አስተውሎ ማንበብ አለበት።

ቅደም ተከተሉንም ብዙዎች ያዛንፉታል። ኮርሱን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት። የብሪታንያው የጤና ምርመራ ቀለም የመለየት ችሎታንም ይፈትሻል፤ ሌሊት የሌላው ጀልባ ቀይና አረንጓዴ መብራት ካልተለየ አቅጣጫው አይታወቅምና። ይህን ፈተና የወደቀ ሰው ወጥ ቤት ወይም መስተንግዶ ሊሠራ ይችላል፤ የዘብ ተራ ግን አይሰጠውም። ካፒቴን ለመሆን ያሰበ ሰው ይህን ማወቅ ያለበት ለኮርስ ብር ከማውጣቱ በፊት ነው።