ፊልሞቹን ያቃጠለው የፊልም ሰው

ዛሬ ስለ አንድ ፈረንሳዊ ተዋናይና ፊልም ሠሪ ላጫውታችሁ ነው። ስሙ ዦርዥ ሜሊየስ ይባላል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ሜሊየስ በ1861 ፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጫማ ፋብሪካ ነበራቸው። እሱ ግን የሚወደው ምትሃት ነበር። በ1888 የምትሃት ትርኢት የሚታይበት ቲያትር ቤት ገዛ።

በ1895 የሉሚየር ቤተሰብ ፓሪስ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ምስል ሲያሳዩ ሜሊየስም ተጋብዞ አየ። ወዲያው «ማሽኑን ሽጡልኝ» አለ፤ እነሱ ግን እምቢ አሉት። ተስፋ ቆረጠ? በፍጹም! ከለንደን ሌላ ማሽን ገዝቶ የራሱን ካሜራ ሠራ።

ሜሊየስ በፊልም ሰው ያጠፋ ነበር። እንዴት መሰላችሁ? አንዲት ሴት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ካሜራው ይቆማል። ሴትየዋ ተነስታ ትሄዳለች፤ ሌላው ዕቃ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ካሜራው እንደገና ይቀረጻል። ፊልሙ ሲታይ የቆመበት ጊዜ ስለማይታወቅ ሴትየዋ ብን ብላ የጠፋች ይመስላል። ይህን በ1896 ሠራው።

ቀጥሎም የፀሐይ ብርሃን እንዲገባ ብሎ የመስታወት ስቱዲዮ አሠራ። ድርሰቱን ይጽፋል፣ መጋረጃውን ይስላል፣ ራሱም ይተውናል። ከ500 በላይ ፊልሞች ሠርቷል። በጣም የታወቀው በ1902 የወጣው «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ነው። እዚያ ላይ መንኮራኩሯ ሄዳ የጨረቃን ዓይን ትወጋለች! ሰው በእውነት ጨረቃ ላይ የወጣው ከ67 ዓመት በኋላ ነው።

ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ፊልሙን ሳያስፈቅዱት እያባዙ ሸጡበት። ቆይቶም ከሰረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ፊልሞቹ ቀልጠው ለወታደር ጫማ ተረከዝ ዋሉ። ከጫማ ሸሽቶ ፊልሙ ጫማ ሆነ ማለት ነው! በ1923 ደግሞ ስቱዲዮውን ሲያጣ፣ የቀሩትን ዋና ቅጂዎች በገዛ እጁ አቃጠላቸው። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ በኋላ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ከባለቤቱ ጋር የልጆች መጫወቻ ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ ማን መሰለቻችሁ? ያቺ በፊልሙ ውስጥ የጠፋችው ሴት ናት!

ደግነቱ ሰዎች አስታወሱት። እሱ ቢያቃጥላቸውም ሌሎች ሰዎች እጅ ላይ የቀሩ ቅጂዎች ነበሩ። በ1929 ተፈልገው ፓሪስ ውስጥ በትልቅ አዳራሽ ታዩለት። በ1931 የፈረንሳይን የክብር ኒሻን ሲሸለም፣ ያደረገለት ሉዊ ሉሚየር ነበር። የዚያ ማሽን አንሸጥልህም ያለው ቤተሰብ ልጅ! ሜሊየስ በ1938 አረፈ።

ዛሬ 200 ያህል ፊልሞቹ ይገኛሉ። የዳኑት ሌላ ቦታ ቅጂ ስለነበራቸው ነው። እኛስ? ይህች መጽሔት በእጅ የምትጻፍ አንድ ብቻ ናት። ያለፈውን ዓመት እትም ከክበባችን ሳጥን ፈልገን ያገኘነው ሦስት ገጽ ነው። ግጥሙን የጻፈችው ልጅ ተዛውራ ሄዳለች፤ ግጥሟም የለም። ስለዚህ ከአሁን በኋላ እያንዳንዱን እትም ሁለት ጊዜ እንጻፍ፤ አንዱ ላይብረሪ ይቀመጥ። ለመገልበጥ እኔ ዝግጁ ነኝ። ማን ያግዘኛል?

ቸር እንሰንብት!