ከጉና ግርጌ ያለው ዩኒቨርሲቲና የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለጉዳይ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ የማኅበር መሪ ፍርድ ቤቱን፣ ሆስፒታሉንና ገበያውን ያውቃል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውን የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግን አጥሩን አይቶ የሚያልፈው ይበዛል።

ከዚያ ቀደም ለአካባቢው ልጅ ቅርብ ከሚባሉት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መካከል በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር ጤና ኮሌጅና በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ይገኙ ነበር። ቅርብ ይባሉ እንጂ ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ለሚሄድ ተማሪ መንገዱ ቀላል አልነበረም።

የእጅ ሙያ ትምህርት ለደብረ ታቦር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማው አቅራቢያ ባለው ጋፋት የአገር ልጆችን ከአውሮፓውያን ባለሙያዎች ጋር ያሠሩ ነበር። እዚያው የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንት በኩል መቅደላ ደርሷል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጋፋት ስም ይጠራል።

ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። ተማሪ የሚመደበው በአገር አቀፍ ድልድል ስለሆነ ግቢው በአጠገባችን መኖሩ ብቻ የጋይንትን ልጅ እዚያ አያስገባውም። ለገበሬው የሚቀረው ድርሻ ምርምሩና የማኅበረሰብ አገልግሎቱ ነው፤ ይህንንም የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተቋማቱ ተግባር አድርጎ ደንግጎታል። ዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅና ጉና-ጣና የተባለ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከል አለው። ከገበሬው የሚቀርብ ጥያቄ ከሌለ ግን ተመራማሪው ርዕሱን እንደመሰለው ይመርጣል፤ ይህም አያስወቅሰውም።

ጥያቄው ደግሞ ሞልቷል። በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ዝናቡ አፈሩን እያጠበ አሲዳማ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ገብሱና ባቄላው አይጠቀሙበትም፤ ገበሬው ለማዳበሪያ ያወጣው ገንዘብ ይባክናል። ተስፋ የቆረጠም ማሳውን ለባሕር ዛፍ ይለቃል። መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ በምርመራ እንጂ በግምት አይወሰንም። የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ የሚያስጨንቀው የዝናብ እጥረትና የተሸረሸረው ተዳፋት ነው። ስለሆነም የደጋውና የቆላው ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ባይጠቃለል ይመረጣል።

ደብዳቤው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ለኮሌጁ ቢላክ፣ የቀበሌው ስም፣ የሰብሉ ዓይነትና ችግሩ የታየበት ዘመን ቢገለጽበት መልስ ለመጠየቅ ያመቻል። የአፈር ናሙና ሲወሰድ ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከማሳው ልዩ ልዩ ሥፍራ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ በንጹሕ ዕቃ ተደባልቆ ነው። አመድና ፍግ የተከመረበት ቦታ ይታለፋል። ኖራው ከዘር በፊት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ መቆየት ስላለበት፣ ለክረምቱ ዘር የታሰበ ናሙና በበጋው ወራት መወሰድ ይኖርበታል።