ስለ ወር አበባ ሕመም፤ ምክንያቱና ማስታገሻው

አዲስ ቅዳም በአዊ ምድር፥ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ እንደ ሌላውም አገራችን፥ ሆዷን ይዛ ከምድጃ አጠገብ የተኛችን ልጃገረድ «ምን ሆንሽ?» ቢሏት «ብርድ መታኝ» ትላለች። እናቲቱም ነገሩን ብታውቅ «ስትወልጂ ይተውሻል» ብላ ታልፋለች። እኛም ሕመሙ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚቀል በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን።

ማሕፀን በየወሩ ፅንስ ለመቀበል ሲዘጋጅ ውስጠኛ ሽፋኑን ያወፍራል። ፅንስ ካልተፈጠረ ሽፋኑ ከደም ጋር ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይመነጭና የማሕፀንን ጡንቻ ያኮማትራል። ጡንቻው አጥብቆ ሲጨመቅ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሕመሙም ከዚህ ይነሣል። ንጥረ ነገሩ ሲበዛ ማቅለሽለሽና ተቅማጥም ይከተላሉ። እንግዲህ ሕመሙ የብርድም የስንፍናም ውጤት አይደለም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ. ም. ጆን ቬን የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ አስፕሪን የፕሮስታግላንዲንን መሠራት እንደሚያግድ አስረዱ፤ በ1982 ዓ. ም. ከሁለት ስዊድናውያን ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ኢቡፕሮፌንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን፤ ይኸውም መድኃኒቱ ንጥረ ነገሩ እንዳይሠራ ይከለክላል እንጂ የተሠራውን አያጠፋም። ስለዚህ ሕመሙ እስኪጠና ሳይጠብቁ፥ ገና እንደ ጀመረ ከምግብ በኋላ መዋጥ ይገባል። መጠኑን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ይናገራል። የጨጓራ ቁስለት፥ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለባት፥ ወይም ማርገዟን የምትጠረጥር ሴት ግን ያለ ሐኪም ምክር አትውሰድ።

ኪኒን በሌለበት ቤትም ሙቀት አይታጣም። አዲስ ቅዳም ያለችበት የፋግታ ለኮማ ወረዳ በዲከረንስ ከሰሉ የታወቀ ነው። በዚሁ ከሰል ውሃ አሙቆ፥ ሳይፈላ በጠርሙስ ሞልቶና በጨርቅ ጠቅልሎ ከእንብርት በታች መያዝ ጡንቻውን ያላላል። ቀስ ብሎ መራመድም ይረዳል።

«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው አባባል ጥቂት እውነት አለው፤ ከወለዱ በኋላ የሚቀልላቸው ብዙዎች ናቸውና። ነገር ግን የ14 ዓመት ልጅ እስከዚያ በየወሩ ከትምህርቷ ትቅር ማለት አይደለም፤ እንድትድን ትዳር ማለትማ ከቶ አይገባም።

ደግሞም ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ከዓመት ወደ ዓመት የሚብስ፥ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ የሚሰማ፥ ትኩሳት ወይም ከልክ ያለፈ ደም የተከተለው ሕመም በሐኪም መታየት አለበት። የማሕፀን ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላልና። የወር አበባ ቀርቶ ድንገት የሚነሣ ጽኑ ሕመም ግን ለነገ አይባልም።

«ብርድ መታኝ» ላለች ልጅ የሚሰጣት የብርድ መድኃኒት ነው። «የወር አበባዬ ነው» ለማለት የደፈረች ግን ለሕመሟ የሚሆነውን ታገኛለች። ይህን እንድትል የምናደፋፍራት እኛ፥ እናቶችም አባቶችም መምህራንም ነን።