ስለ «ፕሮቴክሽን» ቃል ትርጓሜና አመጣጥ

እንግሊዞች ጥበቃን «ፕሮቴክሽን» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፥ ከፈረንሳይኛም ወደ እንግሊዝኛ የተወረሰ ነው። በላቲን «ፕሮ» ማለት በፊት፥ «ቴጌሬ» ማለት መክደን ነውና፥ የቃሉ ምሥጢር በፊት ሆኖ መክደን፥ መጋረድ ይሆናል። ከዚሁ ሥር የቤት ጣራ «ቴክቱም»፥ ለጣራ የሚሆነው ሸክላ «ቴጉላ»፥ የሮም ሰዎች የሚጐናጸፉት ልብስ «ቶጋ» ተብሏል። እንግሊዞች የሣር ክዳንን የሚጠሩበትም ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። በአማርኛም ቤት ከደነ፥ ገበና ከደነ ይባላልና ምሥጢሩ ለባለሀገር እንግዳ አይሆንም።

ይህ ቃል በሁለት ወገን ይፈታል። አንደኛው ወላጅ ልጁን፥ ዳኛ ድኻውን፥ ጋሻ ተዋጊውን እንደሚጠብቅ፥ ከጉዳት ማዳን ነው። ሁለተኛው የሥልጣን ስም ነው፤ ብዙ ነገርን ያስከተለው ይህ ሁለተኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፥ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1547 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ የ9 ዓመት ሕፃን ሳለ ስለ ነገሠ፥ የእናቱ ወንድም የሶመርሴት መስፍን «ሎርድ ፕሮቴክተር» ተብሎ የመንግሥቱ ሞግዚት ሆነ። በኋላም እንግሊዞች ንጉሣቸውን በ1649 ከገደሉ በኋላ፥ ኦሊቨር ክሮምዌል በ1653 ይህንኑ ስም ይዞ ሀገሩን ገዛ። እስከ 1659 የቈየውም አገዛዝ «ፕሮቴክቶሬት» ተባለ። ንጉሥ አልተባለም እንጂ ሥልጣኑ ከንጉሥ የሚያንስ አልነበረም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ስሙ ከሰው ወደ ሀገር ተሻገረ። «ፕሮቴክቶሬት» የተባለ ሀገር ንጉሡና ባላባቱ በስም ይቀሩለታል፤ ከውጭ መንግሥት ጋር የሚላላከው ግን በጠባቂው በኩል ብቻ ነው። በ1885 የተፈረመው የበርሊን ውል፥ በአፍሪካ ጠረፍ ጥበቃ ያቆመ መንግሥት ለሌሎቹ ፈራሚዎች ያስታውቅ ዘንድ ደነገገ፤ የባለሀገሩን ፈቃድ መጠየቅ ግን በውሉ አልተጻፈም።

የኢትዮጵያም ነገር ከዚህ ይገናኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፥ በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መገልገል ይቻላቸዋል የሚል ነበረ፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ጥበቃ የሚል ቃል በአንቀጹ ባይኖርም፥ የኢጣልያ መንግሥት በበርሊኑ ውል መሠረት ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ሲል በ1889 ለመንግሥታቱ አስታወቀ። ምኒልክ መንገሣቸውን ለኤውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው፥ የደረሳቸው መልስ ነገሩን ገለጠው። ስለዚህ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በጦር ተፈጸመ። በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የኢጣልያ መንግሥት የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት ተቀበለ። የአንድ ግሥ ልዩነት ይህን ያህል ደም አስከፈለ።

ይህን አይቶ ጥበቃ ሁሉ ወጥመድ ነው ማለት ግን አይገባም። በ1895 ካማ፥ ሰበሌና ባቶዌን የተባሉ ሦስት የጽዋና ባላባቶች ሎንዶን ድረስ ሄደው፥ ሀገራቸው ለሴሲል ሮድስ ኩባንያ እንዳትሰጥ፥ በንግሥት ቪክቶርያ ጥበቃ እንድትቈይ ለመኑ። ለባቡር መንገድ የሚሆን መሬት ቢለቁም ሀገራቸውን ከኩባንያው እጅ አዳኑ፤ እርሷም በ1966 ቦትስዋና ተብላ ነፃ ወጣች። እነዚህ ከሁለት ክፉ የሚሻለውን አውቀው መረጡ፤ ምኒልክ ግን ያልለመኑት ክዳን በስማቸው ተከደነ።

እንግዲህ መምህራን ይህን ቃል ሲያስተምሩ፥ ትርጓሜው ጥበቃ ነው ብለው ብቻ አይለፉት። ጥበቃውን የለመነው ማን እንደ ሆነ፥ የተጠበቀውም በፈቀደ ጊዜ ከጥላው መውጣት ይችል እንደ ሆነ ተማሪው ይመርምር። ሽማግሎችም ውል ሲዋዋሉና ሲያዋውሉ፥ በሁለት ቋንቋ የተጻፈውን በሁለቱም አስነብበው ሳያመሳክሩ አይፈርሙ። ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት ቢከድንለት ምስጋና ይገባዋል፤ ስለ ከደነ ግን ቤቱ የእርሱ አይሆንም።